በግቢ ውስጥ ለአዕዋፍና ለውኃ ፍጥረታት መኖሪያ የሚሆን ኩሬ አቆፋፈርና አደረጃጀት

በኢትዮጵያ ኩሬ መቆፈር አዲስ ሥራ አይደለም። በአክሱም ማይ ሹም የተባለው ገንዳ ውኃ ሲያጠራቅም ብዙ ዘመን ኖሯል፤ በጎንደር ዐፄ ፋሲል አሠሩት የሚባለው መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በቦይ እየተሞላ ለጥምቀት በዓል ያገለግላል፤ በኮንሶም «ሐርዳ» የሚሉትን ኩሬ ሕዝቡ በኅብረት ቆፍሮ በኅብረት ይጠብቀዋል። እነዚህ ሁሉ ለሰውና ለከብት መጠጥ፣ ወይም ለበዓል ክብር የተሠሩ ናቸው። እዚህ የሚገለጸው ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ ይኸውም በመሥሪያ ቤት ግቢ፣ በትምህርት ቤት ወይም በባለ መሬት የአትክልት ቦታ ተቆፍሮ፣ ሰው ውኃውን ሳይቀዳው፣ ከብት ሳይረግጠው፣ ወፍና እንቁራሪት፣ የውኃ ተርብና የውኃ ጥንዚዛ የሚኖሩበት ኩሬ ነው።

ሥራው ለጌጥ ብቻ እንዳይመስል ምክንያቱን አስቀድሞ መግለጽ ይገባል። ቀድሞ ለነዚህ ፍጥረታት ማንም አልቆፈረላቸውም፤ በየሜዳው ጨፌ፣ በየሸለቆው ረግረግ ነበራቸው። ከጊዜ ወዲህ ግን ብዙው ጨፌ በቦይ እየተንጠፈጠፈ ታርሷል፤ ምንጩ በባሕር ዛፍ ተከቧል፤ ከከተማ አጠገብ ያለውም በድንጋይና በአፈር እየተደለደለ ቤት ተሠርቶበታል። ሐሮማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ሲሰጥ ኖሮ፣ በአንድ ወገን ለመስኖና ለከተማ ውኃው ከልክ በላይ ሲሳብ፣ በሌላው ወገን በዙሪያው ከተራቆተው መሬት ደለል ሲወርድበት፣ በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ውስጥ ደርቆ የከብት መሰማሪያ ሜዳ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ውኃው በከፊል ቢመለስም፣ ሐይቅ የሚያህል ነገር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሊጠፋ እንደሚችል ያየ ሁሉ አይዘነጋውም። በኢትዮጵያ ከሚኖሩት ከ70 የማያንሱ የእንቁራሪትና የመሰሎቹ ዓይነቶች ውስጥ ከሲሶው የሚበልጡት በሌላ አገር አይገኙም፤ ስለዚህ እዚህ የጠፋው ዓይነት ከውጭ አገር ይመጣል ተብሎ የሚጠበቅ አይደለም። የግቢ ኩሬ ሐይቅን አይተካም፤ ጨፌንም አይተካም። ነገር ግን ውኃው በራቀበት ሜዳ መካከል አንድ ደኅና ኩሬ መገኘቱ፣ ከአንዱ ረግረግ ወደ ሌላው ለሚሻገር ፍጥረት እንደ ማረፊያ ቤት ይሆንለታል።

ኩሬ የሚቆፈርበትን ከመምረጥ በፊት የማይቆፈርበትን ማወቅ ይቀድማል። ጨፌ ባለበት ቦታ ኩሬ አይቆፈርም። ይህን ማሳሰብ ያስፈለገው ብዙ ሰው ውኃ የሚተኛበትን እርጥብ ሜዳ ሲያይ «ለኩሬ የተዘጋጀ ቦታ ነው» ስለሚል ነው። ከአዲስ ዓለም አጠገብ ያለው የበርጋ ጨፌ፣ በዓለም ላይ እጅግ ከተመናመኑት ወፎች አንዷ የሆነችው፣ በክንፏ ላይ ነጭ ምልክት ያለባት ትንሽ የጨፌ ወፍ በክረምት እንቁላሏን የምትጥልበት ነው። ይህች ወፍ የምትፈልገው ጥቅጥቅ ያለ ቄጠማና ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውኃ እንጂ ጥልቅ ኩሬ አይደለም። እንዲህ ያለውን ቦታ የሚቆፍር ሰው፣ ሐሳቡ ቅን ቢሆንም፣ ያለውን አፍርሶ የሌለውን ይሠራል። ጨፌ ያለው ባለ መሬት ሥራው ቀላል ነው፤ እንዳይንጠፈጠፍና እንዳይታረስ ይጠብቀው፤ ኩሬውን በደረቁ መሬት ላይ ይቆፍር።

ከዚህ የሚከብደው የንዳድ ነገር ነው። በትግራይ ለመስኖ ከተሠሩት አነስተኛ ግድቦች አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ የተደረገ፣ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1999 የታተመ ጥናት፣ ከግድብ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ባሉ መንደሮች የሚኖሩ ሕፃናት ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ 7 ጊዜ ያህል በሚበልጥ መጠን በወባ እንደሚያዙ አሳየ። መንደሮቹም ከባሕር ወለል በላይ ከ1800 እስከ 2225 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ የሚገኙ እንጂ ቆላ አልነበሩም። ግድብና የግቢ ኩሬ በስፋት አይተካከሉም፤ ትንኝ ግን ስፋት አይመርጥም። እንግዲህ የግቢ ኩሬ ለደጋ የሚመከር ሥራ ነው። ወባ በሚታይበት ወረዳ፣ ከፍታው ምንም ያህል ቢሆን፣ በመኖሪያ ቤትና በትምህርት ቤት አጠገብ እንዳይቆፈር፤ በአማካይ ከፍታ ላይ ያለ ሹምም አስቀድሞ የወረዳውን የጤና መሥሪያ ቤት መጠየቅ አለበት። የቆላ አገር ገዥ ለውኃ ፍጥረታት ሊያስብ ቢወድ፣ በወንዙ ዳር ያለውን ደን ከመጥረቢያ፣ ያለውን ረግረግ ከማረሻ ቢጠብቅ አዲስ ኩሬ ከመቆፈር የበለጠ ያደርጋል።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ ኩሬ ሊያስቆፍር የተነሣ ሰው ዘወትር የሚጠይቀው «ምን ያህል ይጥለቅ?» ብሎ ነው። ጥያቄው አይከፋም፤ ዋናው ግን እርሱ አይደለም። ዋናው የኩሬው ዳር ነው። በኩሬ ውስጥ ካለው ሕይወት ብዙው የሚገኘው ከዳር ጀምሮ ውኃው አንድ ክንድ እስኪጠልቅ ባለው ስፍራ ነው። በዚያ ፀሐይ እስከ ታች ትደርሳለች፤ ውኃው ይሞቃል፤ ሣርና ቄጠማ ይበቅላል፤ እንቁራሪት እንቁላሏን ትጥላለች፤ የውኃ ተርብ ልጅ በቄጠማው ግንድ ላይ ወጥታ ክንፍ ታወጣለች፤ ሳቢሳና ሽመላ ቆመው ያድናሉ፤ ትንንሽ ወፎች ይጠጣሉ፤ ይታጠባሉም። ዳሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የተቆፈረ ኩሬ ይህን ሁሉ ያጣል፤ ከማጣቱም በላይ ወጥመድ ይሆናል። የገባው ጃርት፣ የወደቀው ጫጩት፣ ውኃ ሊጠጣ የወረደው ግልገል መውጫ አጥቶ ይሞታል። የጎንደሩ መዋኛ የድንጋይ ግድግዳው ያማረ ነው፤ ለጥምቀት የተሠራ ስለ ሆነ እንከን አይወጣለትም፤ ለእንቁራሪት መኖሪያ የሚሆን ኩሬ ግን በእርሱ አምሳል አይሠራም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ጥልቀት ዳሩ 3 ሜትር ያህል እየተንጋለለ ይውረድ። ቢያንስ በአንድ ወገን፣ ፀሐይ በሚበዛበትና ከመንገድ በራቀው በኩል፣ ከዚህም ይበልጥ ዝግ ብሎ ለ1 ሜትር እስከ 5 ሜትር እንዲንጋለል ማድረግ መልካም ነው። የኩሬው ቅርጽ በገመድና በችካል ተለክቶ እንደ ክበብ የተስተካከለ መሆን አያስፈልገውም፤ ዳሩ በተጣመመና በታጠፈ መጠን ርዝመቱ ይጨምራል፤ ርዝመቱ በጨመረ መጠንም ለፍጥረታቱ የሚሆነው ስፍራ ይበዛል። ግቢን በቀጥታ መስመር ማሳመር የለመደ አትክልተኛ በዚህ ነገር መከራከሩ አይቀርም፤ አለቃው ሊጸናበት ይገባል።

ጥልቀቱ የሚወሰነው በበጋው ርዝመት ነው። በደጋ አገር ፊቱ የተገለጠ ውኃ በፀሐይና በነፋስ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል እየተነነ ይሄዳል። ክረምቱ በመስከረም መጨረሻ ካበቃ እስከ ሚቀጥለው ሰኔ 8 ወር ያህል ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ወደ ምድር የሚሰርገው ሳይቆጠር 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ በትነት ብቻ ይጠፋል። የበልግ ዝናብ የሚያገኝ ወረዳ ከዚህ ጥቂት ይመለስለታል። እንግዲህ መካከሉ 1 ሜትር ብቻ የሆነ ኩሬ በሚያዝያ ይደርቃል፤ ከ1 ሜትር ተኩል እስከ 1 ሜትር ከ80 የጠለቀ ግን በግንቦትም ቢሆን በመካከሉ ጥቂት ውኃ ይቀርለታል። ዳሩ ዝግ ብሎ እንዲንጋለል፣ መካከሉም ይህን ያህል እንዲጠልቅ ሲፈለግ ኩሬው መስፋት ግድ ይሆንበታል፤ ርዝመቱ 12 ሜትር ስፋቱ 10 ሜትር ያህል ቢሆን ሁለቱ ይስማማሉ። ይህን ያህል ስፍራ የሌለው ትንሽ ኩሬ ቢቆፍር ከንቱ አይደለም፤ በበጋ መድረቁን አስቀድሞ ይወቅ እንጂ። በየዓመቱ የሚደርቅ ኩሬ የሚወዱ ፍጥረታትም አሉ፤ ብዙ እንቁራሪቶች በክረምቱ ወራት አድገው ውኃው ሳያልቅ ወደ የብስ ይወጣሉ።

ውኃው ከየት ይመጣል? ከሁሉ የሚሻለው የቤት ጣሪያ ነው። በ100 ሜትር ካሬ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 100 ሊትር ውኃ ይገኛል፤ በክረምት 800 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት አገር፣ የሚባክነው አንድ አምስተኛ ቢታሰብ እንኳ፣ 64 ሺህ ሊትር በአሸንዳ ሊወርድ ይችላል። ከላይ የተባለውን ኩሬ ለመሙላት በአንድ ክረምት ይህ ይበቃል። የመንገድ ጎርፍ ግን ወደ ኩሬ አይለቀቅ፤ ደለልና የመኪና ዘይት ይዞ ይመጣልና። ማዳበሪያ ከተዘራበት እርሻ የሚወርደውም ውኃውን አረንጓዴ አተላ ያደርገዋል። የጣሪያው ውኃ እንኳ ወደ ኩሬው ከመግባቱ በፊት በድንጋይ በተሠራ ትንሽ ጉድጓድ ቢያልፍ አቧራውና ቅጠሉ በዚያ ይቀራል፤ ጉድጓዱ በየጊዜው ይጠረጋል፤ ዝናብ ሲያቆምም ትንኝ እንዳይራባበት ውኃው ይደፋል።

ከወንዝ ወይም ከምንጭ ቦይ አውጥቶ ኩሬ ሊሞላ የሚያስብ ሰው ከታች ያሉትን ጎረቤቶች አስቀድሞ ይጠይቅ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የአገሪቱ ውኃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ደንግጓል። በየወረዳው ከሚቀርበው ክስ ውስጥ የውኃ ጠብ ጥቂት አለመሆኑን ሹማምንት ያውቃሉ፤ ለወፍ ተብሎ የተቆፈረ ኩሬ የገበሬ መስኖ ያደረቀ እንደ ሆነ፣ ኩሬውም ወፉም በሕዝቡ ዘንድ ይጠላሉ።

አፈሩ ውኃ ይዞ የሚቆይ መሆኑ በቀላል መንገድ ይመረመራል። አፈሩን በውኃ አርሶ በመዳፍ መካከል እንደ ቀጭን ገመድ ማድቦልቦል፣ ከዚያም እንደ ቀለበት ማጠፍ ነው፤ ሳይሰበር ከታጠፈ ሸክላነት አለው፤ ከተፈረካከሰ አሸዋ ይበዛበታል። ዳግመኛም አንድ ክንድ የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ማታ ውኃ መሙላት፣ ያ ሰርጎ ሲያድር ጠዋት እንደገና መሙላት ነው፤ በማግሥቱ ውኃው ከአንድ ጋት ያልበለጠ ከወረደ ቦታው ለኩሬ ይሆናል። ዋልካ አፈር ውኃ በመያዝ የታወቀ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ግን ያብጥና ስንጥቁን ራሱ ይዘጋል። ቀይ አፈር ሸክላ ቢመስልም ቅንጣቱ የላላ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ያንጠባጥባል። እንዲህ ሲሆን ከሌላ ቦታ መልካም ሸክላ አምጥቶ በእርጥቡ በሁለት ንብር፣ እያንዳንዱን 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አድርጎ ማንጠፍና መጠቅጠቅ ያስፈልጋል። ለመጠቅጠቅ በሬዎችን እንደ አውድማ በኩሬው ውስጥ እያዞሩ ማስረገጥ ከሰው እግር ይልቅ ይፈጥናል፤ ይጠናማል። ለቤት ግድግዳ እንደሚደረገው ጭድ በጭቃው ውስጥ መጨመር ግን ስሕተት ነው፤ ጭዱ በውኃ ውስጥ ይበሰብስና በስፍራው ቀዳዳ ይተዋል።

ጥቁር ፕላስቲክ ማንጠፍም ይቻላል፤ ሆኖም በጥንቃቄ ነው። በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት በአማራና በትግራይ ክልሎች በየገበሬው ቤት አጠገብ ኩሬ እንዲቆፈር ብዙ ተደክሞ፣ ፕላስቲክ እየተቀደደ፣ ውኃው እየሰረገና እየተነነ፣ ብዙዎቹ ሳይዘልቁ ቀርተዋል። ፕላስቲክ የሚያነጥፍ ሰው ሹል ድንጋይና ሥር ለቅሞ ከሥሩ አሸዋ ያድርግ፤ ከላዩም አንድ ስንዝር አፈር ያልብሰው። አፈር ያልለበሰ ፕላስቲክ ፀሐይ ያደርቀዋል፤ የሚያሙለጭልጭ ስለ ሆነም የወደቀበት ፍጥረት መውጣት አይሆንለትም።

ቁፋሮው መከር ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ቢሠራ ለሠራተኛም ለአፈሩም ይመቻል። ሠራተኛ በሚዘራበት ሰዓት ሰውን ከእርሻው አስነሥቶ ለግቢ ኩሬ ማስቆፈር አይገባም። ዳሩ በሙሉ አንድ ከፍታ መሆኑን በውኃ ልክ መመርመር ያሻል፤ በአንድ ወገን አንድ ጋት ዝቅ ያለ ዳር ካለ ውኃው በዚያ ይፈሳል፤ በሌላው ወገንም የተጋለጠ ጭቃ ይቀራል። የትርፍ ውኃ መውጫ አንድ ላይ ብቻ ይሁን፤ ከሌላው ዳር 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በድንጋይ ይነጠፍ። ይህን መውጫ የናቀ ሰው በሐምሌ አንድ ሌሊት በጣለ ዝናብ ድካሙን ሁሉ ሊያጣ ይችላል። የወጣውን አፈር በዳሩ ላይ መከመር አይገባም፤ ዝናብ መልሶ ይጥለዋልና፤ ወደ ታችኛው ወገን ራቅ አድርጎ መደልደል ነው። በተደለደለው አፈር ውስጥ ፍልፈል ጎሬ እንዳያወጣ በየሳምንቱ መመልከት ያስፈልጋል፤ ውኃውን ሌሊቱን ሙሉ የሚያፈስስ የፍልፈል ቀዳዳ ከላይ ሲታይ የሣር ጉብታ ይመስላል።

ኩሬው ከሞላ በኋላ በሐምሌና በነሐሴ ተክል ይተከላል። ቄጠማ በዳሩ፣ ሌሎች የጨፌ ሣሮች ከእርሱ ጎን፣ ከዚያው ከአካባቢው ረግረግ በጥቂት በጥቂቱ እየተነቀሉ ይተከሉ። ሥራቸው በሚገባ ይታጠብ፤ አብሮ የሚመጣው ጭቃ የቢልሃርዚያ ትል የሚያድርበትን ቀንድ አውጣ፣ ወይም ያልታወቀ አረም ሊያመጣ ይችላል። ፊላ ለወፍ ጎጆ መልካም ቢሆንም ካልተገደበ በጥቂት ዓመት ኩሬውን ሁሉ ስለሚይዘው በአንድ ጥግ ብቻ ይተከል፤ በየዓመቱም ይታጨድ። እንቦጭ ግን፣ አበባው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከቶ አይግባ። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2011 በጣና ሐይቅ ላይ ከታየ ወዲህ የዓሣ አጥማጁንና የታንኳውን መንገድ እየዘጋ ያደረሰው ጉዳት የታወቀ ነው። ከዛፎች አኻያና ዶቅማ ውኃ ዳር የሚስማሙ ናቸው፤ ነገር ግን ቅጠላቸው እንዳይሞላበት ከኩሬው 10 ሜትር ያህል ርቀው ይተከሉ። ባሕር ዛፍ በአጠገቡ ካለ ውኃውን ይሻማዋል። የብርብራ ፍሬ ተፈጭቶ ዓሣ ለማደንዘዝ የሚያገለግል መሆኑ ከጥንት ይታወቃል፤ ስለዚህ የዚህ ዛፍ ቅርንጫፍ በኩሬ ላይ መዘርጋት የለበትም።

በመጀመሪያው ክረምት ውኃው እንደ አተር ወጥ አረንጓዴ ቢሆን የሚያስደነግጥ አይደለም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ውኃውን አስፈስሶ እንደገና ይሞላል፤ አረንጓዴውም እንደገና ይጀምራል። ተክሉ እስኪይዝ መታገሥ ነው። ፍጥረታቱን ከሌላ ቦታ እያመጡ መጨመርም አያስፈልግም። የውኃ ጥንዚዛና የውኃ ተርብ በሳምንታት ውስጥ በአየር በረው ይመጣሉ፤ እንቁራሪት በዝናብ ሌሊት በእግሯ ትመጣለች። ከሌላ ኩሬ በባልዲ ማምጣት የእንቁራሪትን ቆዳ የሚያጠፋውን በሽታ ያዛምታል፤ ይህ በሽታ በኢትዮጵያ እንቁራሪቶችም ላይ ተገኝቷል። ዓሣ መጨመር ደግሞ ብዙ ሰው የሚወድደው፣ ነገር ግን ኩሬውን የሚያበላሽ ሥራ ነው፤ ዓሣው የእንቁራሪቱን እንቁላልና የውኃ ተርቡን ልጆች በልቶ ይጨርሳል። ዓሣ ማርባት የፈለገ ሰው ለእርሱ የተለየ ኩሬ ይቆፍር።

ግቢው ሰፊና ሣራም ከሆነ፣ በደጋው አገር ሁለት ወፎች ተስፋ ሊደረጉ ይችላሉ። አንዷ ቡናማዋ የውኃ ዶሮ ናት፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በሌላ ቦታ አትገኝም፤ ጅራቷን ከፍ ዝቅ እያደረገች በሰው አጠገብ ሳትፈራ ትመላለሳለች። ሁለተኛው ክንፉ ሰማያዊ የሆነው የኢትዮጵያ ዝይ ነው፤ ይህም በሌላ አገር የለም፤ የሚመገበው ሣር ነው፤ ጎጆውንም በሣር መካከል በምድር ላይ ይሠራል። ለሁለቱም የሚያስፈልገው አንድ ነው፤ ከኩሬው ዳር ቢያንስ በአንድ ወገን ሣሩ ሳይታጨድ ይቆይ፤ ውሻም አይፈታበት። እንቁራሪቶች በክረምት ሌሊት ሲጮኹ እንቅልፍ አጣሁ የሚል እንግዳ ቢኖር፣ በግቢው በሌላኛው ወገን ማሳደር ነው።

ትንኝን በሚመለከት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የውኃ ተርብ ልጆችና የውኃ ጥንዚዛዎች የትንኝን እጭ ይመገባሉ፤ ስለዚህ በሚገባ የተደራጀ ኩሬ ከአንድ የተተወ ጉድጓድ ያነሰ ትንኝ ያፈራል። በኢትዮጵያ ወባን በብዛት የሚያስተላልፈው ትንኝ የሚወድደው ፀሐይ የሚያገኘውን፣ ትንሽና ጊዜያዊ የሆነውን ውኃ ነው፤ ይኸውም የከብት ኮቴ የተወው ጉድጓድ፣ ጡብ ለመሥራት አፈር የወጣበት ስፍራ ነው። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2016 በቀብሪ ደሀር የተገኘው፣ በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት የሆነው እንግዳ ትንኝ ደግሞ በበርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ ጋን ይራባል። ስለዚህ ኩሬውን አሳምሮ በርሜሉን ክፍት የሚተው ባለ ግቢ ከጠላቱ ጋር እየኖረ ነው። ይህ ሁሉ ግን ወባ ባለበት ወረዳ በቤት አጠገብ ኩሬ ለመቆፈር ፈቃድ ሆኖ እንዳይቆጠር፤ የውኃ ተርብ ትንኝን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ ሕፃንን ለማሳመም ደግሞ ጥቂት ትንኝ ይበቃል።

ከብት ከኩሬው መከልከሉ ከዚሁ ነገር ጋር የተያያዘ ነው። በሬና በቅሎ ወደ ዳሩ ከወረዱ ቄጠማውን ይበላሉ፤ ውኃውን ያደፈርሳሉ፤ ኮቴያቸውም ያንን ትንኝ የሚወድደውን ጉድጓድ በመቶ የሚቆጠር አድርጎ ይተወዋል። ለከብቱ ከኩሬው ራቅ አድርጎ ገንዳ ማቆም ይሻላል፤ ከኩሬ የጠጣ በቅሎ በአፍንጫው አልቅት ይዞ የሚመለስበትም ምክንያት ይቀራል። አጥሩ ለሕፃናትም ያስፈልጋል። ዝግ ብሎ የሚንጋለለው ዳር የወደቀ ልጅ ተነሥቶ እንዲወጣ ይረዳዋል፤ ነገር ግን ገና መቆም ያልቻለ ሕፃን በአንድ ስንዝር ውኃም ይሞታል። ስለዚህ ቤተ ሰብ በሚኖርበት ግቢ በሩ የሚቆለፍ አጥር ሳይሠራ ውኃ አይሞላ።

በኩሬው ውስጥ ልብስ እንዳይታጠብበት ለቤት ሠራተኞች መናገር ያስፈልጋል። ሳሙና ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1964 በዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስታወቁት በዚህ መንገድ ነበር። ያ ግኝት ለሕዝብ ጤና ታላቅ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ ውኃ ውስጥ የሚኖረውን ብዙውን ፍጥረት ይጎዳል። የተባይ መድኃኒት በአትክልቱ ላይ የሚረጭ ሰውም ነፋሱ ወደ ኩሬው በማይነፍስበት ሰዓት ይርጭ፤ የመርጫውን ዕቃ ከቶ በዚያ አይጠብ።

ኩሬው በ4ኛው ወይም በ5ኛው ዓመት በደለልና በበሰበሰ ቅጠል መሙላት ይጀምራል። ጠረጋው ውኃው እጅግ በሚያንስበት በግንቦት ወር ይደረግ፤ በአንድ ዓመት ከግማሹ በላይ አይጠረግ። ግማሹ ሳይነካ ሲቀር በጭቃው ውስጥ ያደረው ፍጥረት ወደ ተጠረገው ወገን በክረምት ይሻገራል። የወጣው ደለል ለሁለት ቀን ያህል በዳሩ ላይ ይቆይ፤ በውስጡ ያለው ጥንዚዛና እንቁራሪት ወደ ውኃው የሚመለስበት ጊዜ ያገኛል። ከዚያ በኋላ በቃሬዛ ተወስዶ በጎመኑ መደብ ላይ ይበተን።